አስታማሚ የሌለበት ድንገተኛ ክፍል

(ለነርሲንግ ተማሪዎች፣ ለሆስፒታል ሠራተኞችና ለእንግዶች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። ከኋላ የቆማችሁ ልጆች፣ እዚህ ፊት ወንበር አለ፤ ኑ ቁጭ በሉ። የድንገተኛ ክፍል ነርስ ነኝ። ሰው ቆሞ ካየሁ ስትሬቸር ፍለጋ ነው የሚቃጣኝ።

ስለ ኮሮና ጊዜ ሲወራ ሁሌ የሚነሱት ኤካ ኮተቤ ሆስፒታልና ሚሌኒየም አዳራሽ ናቸው። ይገባቸዋል። ኤካ ኮተቤ የመጀመሪያዎቹን ሕሙማን ተቀብሏል። ሚሌኒየም አዳራሽ ደግሞ በኮንሰርትና በባዛር የምናውቀው ቦታ ነበር፤ በ2012 ክረምት መግቢያ ላይ አልጋ ተደርድሮበት የሕክምና ማዕከል ሆነ። እዚያ የሠሩ ጓደኞች አሉኝ። ያዩትን ራሳቸው ቢነግሯችሁ ይሻላል። እኔ የማወራው ስለ ሌላ በር ነው። በዓል የለ፣ እሑድ የለ፣ ሌሊት የለ፣ ስለማይዘጋው በር። ስለ ድንገተኛ ክፍል።

ልዩነቱን በአጭሩ ልንገራችሁ። ሕክምና ማዕከል የሚገባው ሰው ተመርምሮ፣ ፖዘቲቭ ተብሎ ነው። ተቀባዩ ባለሙያ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል። እኛ ጋ የሚመጣው ግን «ትንፋሽ አጠረው» ተብሎ ነው። አስም ይሁን፣ ልብ ይሁን፣ ቲቢ ይሁን፣ ኮሮና ይሁን የሚነግረን የለም። የምርመራው ውጤት እስኪመጣ ብንጠብቅ ሰውየው ያልፋል። ስለዚህ መጀመሪያ እንነካዋለን፣ በኋላ እናውቃለን። ይሄ የድንገተኛ ክፍል ጠባይ ነው፤ ድሮም ነበር። ወረርሽኙ ያመጣብን አዲስ ነገር ሌላ ነው። አስታማሚን ከበር መለሰብን። ዛሬ የማወራው ስለዚህ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ግቡና ዙሪያችሁን እዩ። ከበሽተኛው አስታማሚው ይበዛል። አንድ አባት ታመው ሲመጡ ሴት ልጃቸው፣ የልጃቸው ባል፣ አንድ ጎረቤትና ከክፍለ ሀገር የመጣ የእህት ልጅ ይከተላሉ። የእኛ ሥራ ደግሞ የሚጀምረው እነሱን በማስወጣት ነው። «አንድ ሰው ብቻ ይቅር! ሌላችሁ ውጡ!» ይወጣሉ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ በሌላኛው በር ይገባሉ።

ግን እነዚህ ሰዎች ምን እየሠሩ ነው? ካርድ የሚያወጣው አስታማሚ ነው። ክፍያ ተሰልፎ የሚከፍለው እሱ ነው። ደሙን ላቦራቶሪ የሚያደርሰው እሱ፣ ውጤቱን የሚያመጣውም እሱ። መድኃኒቱ ከሆስፒታሉ ፋርማሲ ከጠፋ ማዘዣውን ይዞ ከተማውን የሚዞረው እሱ ነው። ስትሬቸሩን ኤክስሬይ ድረስ የሚገፋው፣ አጥሚት የሚያጠጣው፣ ፖፖ የሚያቀርበው፣ ሌሊት የሚያገላብጠው፣ ግሉኮሱ ሲያልቅ «ሲስተር! ሲስተር!» እያለ የሚጮኸው፣ ሁሉም እሱ ነው። ደመወዝ የለው፣ ፈረቃ የለው። በየትኛውም የሥራ መደብ ላይ የለ። እሱ ባይኖር ግን ክፍላችን ግማሽ ቀን አይሠራም። ሁላችንም እናውቀው ነበር፤ ደፍሮ በስብሰባ ላይ የተናገረው ግን የለም።

እንግዲህ መጋቢት 2012 መጣ። የመጀመሪያው ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ነው፤ ከቡርኪናፋሶ የመጣ ጃፓናዊ። ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤት ተዘጋ። መጋቢት 27 የመጀመሪያው ሞት ተነገረ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ወር እንኳ አልሞላም። እኛ በዚያ ጊዜ ማስክ እንዴት እንደሚደረግ እየተማርን ነበር። ማድረጉስ ይሁን፤ አወላለቁ ነው ከባዱ።

በነገራችን ላይ የድንገተኛ ሕክምና ራሱ አገራችን ውስጥ ገና ወጣት ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጥቁር አንበሳ የስፔሻሊቲ ስልጠናውን የጀመረው በ2003 ዓ.ም. ነው። ወረርሽኙ ሲደርስ ሙያው ዐሥር ዓመት አልሞላውም ማለት ነው። ደግነቱ ትሪያጅን ለምደነዋል። በጣም የሚያሰጋው ቀይ፣ ከዚያ ብርቱካናማ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ። ማን ይቅደም፣ ማን ይጠብቅ የሚለውን በቀለም መለየት እናውቃለን። ኮሮና የመጣው እዚህ ላይ ሌላ ጥያቄ ጨምሮ ነው። ይሄ ሰው የት ይቀመጥ? ቀይ የሆነና ኮሮና የሚጠረጠር ሰው፣ ቀይ ከሆነና ልቡን ከታመመ ሰው አጠገብ ይተኛል ወይ? ክፍሉ አንድ ነው። ግድግዳ በአንድ ሌሊት አይሠራም። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተከለ። ለቅሶ ቤት የምናውቀው ዓይነት ድንኳን። ሰዉ ገና ከሩቅ ሲያየው ይደነግጥ ነበር፤ አልፈርድበትም።

በሩ ላይም ወረቀት ተለጠፈ። «አስታማሚ መግባት ክልክል ነው።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ ደስ አለን። ክፍሉ ጸጥ አለ። ኮሪደሩ ላይ ጋቢ ዘርግቶ የሚተኛ የለም። ማንም እጄን ይዞ «እናቴን ቶሎ እዩልኝ» አይለኝም። አንዷ ባልደረባዬ «ይኼማ ውጭ አገር ነው» ብላ ሳቀች። ሳቁ እስከ ከሰዓት ነው የቆየው። ከሰዓት ላይ ላቦራቶሪ ያልሄደ የደም ናሙና ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ ተገኘ። ኤክስሬይ የታዘዘላቸው ሰዎች የሚገፋቸው አጥተው ተጋድመዋል። አንድ አዛውንት ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሱም። ያልተሠራው ሥራ የማን እንደነበር ያኔ ገባን።

ስለ ኦክስጅን ትንሽ ላውራ፤ ነገሩ እዚያ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ከኦክስጅኑ መቆጣጠሪያ ጋር የምትያያዝ ውኃ ያለባት ትንሽ ጠርሙስ አለች። ተማሪዎቹ ታውቋታላችሁ። ኦክስጅኑ ውኃው ውስጥ ሲያልፍ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። አስታማሚ በሲሊንደሩ ውስጥ የቀረውን የሚያሳየውን ጌጅ ማንበብ አይችል ይሆናል፤ ይቺን ግን ሌሊቱን ሙሉ ዓይኑን ሳይነቅል ያያታል። ከገጠር የመጣች እናት ልጇ አጠገብ ቁጭ ብላ፣ መቁጠሪያዋን እያንከባለለች፣ ጠርሙሷን ትጠብቃለች። ቡልቅታው ሲቀንስ ቀድማ የምትሰማው እሷ ናት። «ሲስተርዬ፣ ይቺ ነገር ዝም አለች!» እኛ ሮጠን እንመጣለን፣ ሲሊንደር እንቀይራለን። በየትኛውም መጽሐፍ ላይ ያልተጻፈ የማስጠንቀቂያ ደወላችን ይሄ ነበር።

አሁን ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ባለ 40 ሊትር ሲሊንደር በ150 ባር ሲሞላ ወደ 6 ሺህ ሊትር ኦክስጅን ይይዛል። በሽተኛው በደቂቃ 5 ሊትር ከወሰደ 20 ሰዓት ይቆያል። የሳንባ ምች የያዘው ሰው ብዙ ጊዜ በዚህ ይበቃዋል። ማታ የተቀየረ ሲሊንደር ሌሊቱን ያሳድራል፤ ከፈረቃ ፈረቃ እንቀባበለዋለን። ኮሮና ሳንባውን ያጠቃው ሰው ግን በማስክ 15 ሊትር በደቂቃ ይፈልጋል። 6 ሺህን ለ15 ስናካፍል 400 ደቂቃ። 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ማለት ነው። ማታ ዲዩቲ ስትገቡ ሙሉ የነበረው ሲሊንደር፣ ዓይን ሁሉ በሚከብድበት ሰዓት ባዶ ይሆናል። በአፍንጫ በከፍተኛ ፍጥነት የሚሰጠው ደግሞ በደቂቃ እስከ 60 ሊትር ይሄዳል። ያኔ ሲሊንደሩ ከ100 ደቂቃ አይዘልቅ።

እንግዲህ ሲሊንደሩ ቶሎ ቶሎ ማለቅ በጀመረበት ሰሞን ነው ጠርሙሷን የሚጠብቀውን ሰው ከበር የመለስነው። እኛ ሙሉ የመከላከያ ልብስ ለብሰን፣ መነጽራችን በእንፋሎት ተሸፍኖ፣ ጆሯችን ተጠቅልሎ ቡልቅታ አንሰማም። የሲሊንደር መፍቻው ደግሞ አንድ ነው። ሌሊት «መፍቻው የት ነው? ማን ጋ ነው?» የሚለው ጩኸት አሁንም በሕልሜ ይመጣል። በኋላ መፍቻውን በፋሻ አስረን ግድግዳው ላይ አንጠለጠልነው፤ በየሰዓቱ እየዞረ ጌጅ ብቻ የሚያይ ሰው መደብን። ያ ሰው አንድ የፅዳት ሠራተኛ ነበር። ቁጥር ያነብባል፣ ይጽፋል፣ ይጠራናል። ጎበዝ ነበር። የሥራ መደቡ ግን እስከ መጨረሻው «ፅዳት» እንደሆነ ቀረ።

ሌላም የሚያስቸግር ነገር ነበር። ይሄ በሽታ ያታልላል። ሰውየው ስትሬቸር ላይ ተቀምጦ ስልክ እያወራ፣ ዕቃ ጭኖ የላከው መኪና የት እንደደረሰ እየጠየቀ፣ ጣቱ ላይ የሰካንበት የደም ኦክስጅን መለኪያ መሣሪያ 70 በመቶ ያሳያል። ጤነኛ ሰው 95 እና ከዚያ በላይ ነው። መጀመሪያ መሣሪያውን እንጠራጠራለን። ጣቱ ቀዝቅዞ ይሆን? ጥፍር ቀለም ይሆን? እናሻሸዋለን፣ ጣት እንቀይራለን፣ ያው 70። «እኔ ደህና ነኝ፣ ልቀቁኝ» ይላል። እንዲህ ያለውን ሰው አስታማሚ ያሳምነው ነበር። ሚስት ትቆጣዋለች፣ ወንድም ይለምነዋል። እኛ ግን ዓይናችን ብቻ የሚታይ እንግዶች ነን፤ ምን ብለን እንታመን?

ስለ ልብሱ ካነሳሁ አይቀር፣ ሙሉ ልብስ ለብሶ ውኃ መጠጣትም ሽንት ቤት መሄድም የለም። ይኼን ብዙ ጊዜ ሰምታችሁታል፣ አላረዝመውም። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ማን ማን እንደሆነ አይታወቅም። ዶክተሩን ፖርተር መስሎን «ና ግፋ» ብለነዋል፤ ደግነቱ ገፋ። ከዚያ በኋላ ደረታችን ላይ በማርከር ስማችንን መጻፍ ጀመርን። አንዳንዱ ስሙ ሥር «ነርስ» ይጽፋል፣ አንዳንዱ ልብ ይሥላል። ጆሮአቸው የደከመ እናቶችና አባቶች ግን ማርከሩም አልጠቀማቸው። እነሱ የሚሰሙት ከንፈር እያዩ ነው፤ ከንፈራችን ደግሞ ተሸፍኗል። ብንጮህም አይደርሳቸውም። ልጃቸው አጠገባቸው ብትሆን በምልክት ትነግራቸው ነበር።

በሆድ ማስተኛት የሚባለውን ታውቃላችሁ። ሳንባው እንዲከፈት በሽተኛውን በሆዱ እናስተኛዋለን። ጥሩ ነው፣ ይረዳል። ግን አንድ ወፍራም ሰው ከነቱቦው ለመገልበጥ አራት ሰው ይፈልጋል። ሌሊት አራት ሰው ከየት ይመጣል? ድሮ ሁለቱ ነርስ፣ ሁለቱ ዘመድ ነበሩ።

የመጡት ብቻ አይደሉም ያሳሰቡን። ያልመጡም ነበሩ። ስኳር ያለበት ሰው «ሆስፒታል ብሄድ ኮሮና ይይዘኛል» ብሎ ኢንሱሊኑ አልቆ እቤቱ ይቀመጣል። ራሱን ሲስት ነው የሚያመጡት። ደረቱን የጨመቀው ሰው «ጨጓራ ነው» ብሎ አብሽና ዝንጅብል እየጠጣ ቀናት ያሳልፋል። በዚያ ሰሞን የመግቢያ መዝገባችን ሳሳ፤ የሚመጡት ግን ቀይ ሆነው ነው የሚመጡት። መዝገቡን ከቢሮ ሆኖ ያየ ሰው «ሥራ ቀነሰላችሁ» አለን። መልስ አልሰጠነውም።

አሁን ወደ በሩ ልመልሳችሁ። አስታማሚ አይግባ ተባለ እንጂ አስታማሚ አልሄደም። የትም አልሄደም። ከአጥሩ ውጭ ተቀመጠ። ዝናብ ሲመጣ ከዛፍ ሥር ተጠለለ። ምግብ በፔርሙዝና በምሳ ዕቃ ያመጣል። ስም በወረቀት ተጽፎ ይለጠፍበታል። የበር ጥበቃችን «ጋሼ» የምንላቸው ሰው ነበሩ። እሳቸው ተቀብለው ያስገባሉ፤ ባዶውን ይመልሳሉ። ባዶ ሆኖ ሲመለስ ቤተሰቡ ደስ ይለዋል፤ በልቷል ማለት ነው። ሳይነካ ሲመለስ ግን ጋሼ ቃል መፈለግ አለባቸው። «ምሳ ከሆስፒታሉ ተሰጥቷቸው ነው» ይሉ ነበር፤ እውነት ይሁን አይሁን አልጠየቅናቸውም።

ጠበልም ይመጣል። በሃይላንድ። የ2012 ፋሲካ ሚያዝያ 11 ነበር። ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ማስቀደስ ባልተቻለበት በዓል፣ ጠበሉ በር ላይ ተሰልፎ ነበር። ረመዳንም ተከተለ፤ ተምርና ሾርባ ለማፍጠሪያ ይመጣል። ሐኪሞቹ መካከል «ይግባ» «አይግባ» የሚል ክርክር ነበር። የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ሃይላንዱን በአልኮል እጠረጋለሁ፣ አስገባለሁ። በማስክ ኦክስጅን የሚወስድ ሰው እንዲጠጣው አንፈቅድም፤ ትን ይለዋል። ግን ትራሱ አጠገብ ትቀመጣለች። ያ ሰው ሚስቱን ያየው በዚያች ሃይላንድ ብቻ ነው።

ከባዱ መርዶ ነው።

እኛ አገር መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ማታ አይነገርም። በስልክ አይነገርም። ሊነጋጋ ሲል ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ ይሄዳል። የሚደግፍ ሰው ይዘጋጃል፤ ውኃ የያዘ ሰው ይቆማል። ሰው ሲወድቅ ዝም ብሎ መሬት ላይ አይወድቅም፤ የሚይዘው እጅ አለ። ይሄ ልማድ ዘመን የፈተነው ነው። በአንድ ጊዜ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ሲከለከል፣ ለቀብር የሚወጣው ሰው ሲወሰን፣ መርዶ ነጋሪው ማን ሆነ? ነርስ። በምን? በስልክ።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ አንድ አባት አረፉ። ልጃቸው ከጠዋት ጀምሮ በር ላይ ናት። በካርዱ ላይ ያለው ስልክ የእሷ ብቻ ነው። ባልደረባዬ ደወለች። እኔ አጠገቧ ነኝ።

«የኔ እህት፣ አብሮሽ ማን አለ?»

«ብቻዬን ነኝ። ምነው? ምግቡን በላ?»

ባልደረባዬ ዝም አለች። ስልኩ ላይ ዝም ማለት ምን ማለት እንደሆነ ልጅቷ ወዲያው ገባት። ጩኸቷን በስልኩ ሳይሆን በመስኮቱ ነው የሰማነው። ጋሼ ሮጡ። ያኔ ርቀት መጠበቅ፣ አለመነካካት የሚባል ሕግ ነበር። ጋሼ ያዟት። እንደ ልጃቸው አቅፈው ያዟት። ማንም አልገሠጻቸውም፤ ተዉ የሚል ቢኖር እኔ ነበርኩ የምጣላው።

ከዚያ በኋላ ክፍላችን ውስጥ ተመካከርን። ከላይ የመጣ መመሪያ አልነበረም። ካርድ ሲወጣ ሁለት ስልክ እንቀበላለን አልን። አንዱ የቅርብ ዘመድ፣ ሁለተኛው «ከቤተሰቡ ወይም ከሠፈሩ ትልቅ ሰው»። ሰዉ ለምን እንደሆነ ሳንነግረው ገባው። አንዳንዱ የአጎቱን ስልክ ሰጠ፣ አንዳንዱ የእድሩን ዳኛ። ሰው ሲያርፍ መጀመሪያ የምንደውለው ለሁለተኛው ስልክ ሆነ። «ጋሼ፣ ወይም እትዬ፣ እንዲህ ሆኗል፤ ልጁ ብቻውን እንዳይሰማ» እንላለን። የቀረውን እነሱ ያውቁበታል። ከአራት ሰው በላይ ሳይሰበሰቡ፣ በር ላይ ቆመውም ቢሆን፣ ያደርጉት ነበር። በወረርሽኙ ዘመን ከሠራናቸው ነገሮች አንዱን ምረጪ ብትሉኝ ይሄን ነው የምመርጠው። ወጪው አንድ መስመር ቀለም ነው።

ስለ ቤታችን ብዙ አላወራም፤ ሁሉም የየራሱ አለው። ሕክምና ማዕከል የተመደቡት ባልደረቦቻችን ሆቴል አርፈው፣ ተለይተው ቆይተው ነው ቤታቸው የሚሄዱት። እኛ ድንገተኛ ክፍል ያለነው «የኮሮና ሠራተኞች» ስላልተባልን ማታ ማታ ቤታችን ነበርን። ጋዎናችንን ደብቀን፣ ግማሽ ሰው ጭኖ እጥፍ በሚያስከፍል ታክሲ። አንዷ ልጅ የተከራየችበት ግቢ አከራይዋ «ልጄ፣ ጠልቼሽ አይደለም፤ እኔም ስኳር አለብኝ» አሏት። ተከራይ ማስወጣት በአዋጁ ደንብ ተከልክሎ ነበር። አላስወጧትም። ቧንቧውን ግን እሷ ከተጠቀመች በኋላ በበረኪና ያጥቡታል፣ ልጆቻቸውንም በእሷ በር በኩል አያሳልፉም። በእኚያ ሴትዮ አልፈርድም፤ ስኳር እንዳለባቸው እውነት ነው፣ በሽታው ስኳር ያለበትን ሰው እንደሚበረታበትም እውነት ነው። ግን ልጅቷ ያን ሰሞን ዲዩቲ ትለምን ነበር። እቤት ከማደር ሆስፒታል ማደር ቀሏት።

መድኃኒትም መጣ። እንግሊዝ ውስጥ በተደረገ ትልቅ ጥናት ዴክሳሜታዞን እንደሚሠራ ሰኔ 9 ቀን 2012 ተነገረ። ኦክስጅን ከሚወስዱት ላይ ሞትን በአንድ አምስተኛ፣ መተንፈሻ ማሽን ላይ ካሉት ደግሞ በአንድ ሦስተኛ ቀነሰ ተባለ። ዴክሳ! እኛ መደርደሪያ ላይ ዘወትር ያለችው ርካሿ ዴክሳ! ለአንድ ጊዜ እንኳ የሚፈለገው መድኃኒት ያለን ሆነ። ክትባቱ ደግሞ መጋቢት 4 ቀን 2013 በኤካ ኮተቤ ተጀመረ፤ የመጀመሪያው ታማሚ በተገኘ ልክ በዓመቱ። ቅድሚያው ለጤና ባለሙያ ነበር። ከመካከላችን «እስቲ እናንተ ቅደሙና እንየው» ያሉም ነበሩ። ነርስ ስለሆነ ሰው ወሬ አይሰማም ያለው ማነው?

ክትባቱ በተጀመረበት ሰሞን ነው ሁለተኛው ማዕበል የበረታው። መጋቢትና ሚያዝያ 2013 ከመጀመሪያው ዓመት ሁሉ የባሰ ነበር። የጽኑ ሕሙማን ክፍል አልጋ ለማግኘት ከሌሎች ሆስፒታሎች ጋር የምታገናኘን ላየዘኗ ስልክ ጆሮዋ ላይ እንደተለጠፈ ይነጋል። «ሞልቷል።» «እስቲ ጠዋት ደውሉ።» በሌላ በኩል ሰሜኑ ጦርነት ላይ ነበር። ሕዝቡ ከኮሮና ሌላ የሚያሳስበው ነገር ነበረው፤ ማስክ አገጭ ላይ ወርዷል። በዚህኛው ማዕበል ግን አንድ ነገር ለውጠን ነበር። ለከባድ በሽተኛ አንድ አስታማሚ ፈቀድን። አንድ፣ የማይቀያየር። ማስክና ጋዎን እንሰጠዋለን፤ አደራረጉንና አወላለቁን ሩብ ሰዓት እናሳየዋለን፤ የት እንደሚቆም፣ ምን እንደሚነካ፣ ምን እንደማይነካ። የተማርንበት ሰነድ ራሱ ለእሱ አይሆንም ነበር፣ ስለዚህ በሥዕል ሠራነው። የኦክስጅኗን ጠርሙስ የሚጠብቅላት ሰው ተገኘ።

የተቃወሙን ነበሩ። «ለበሽታ እያጋለጣችሁት ነው» አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ያ ሰው በሽተኛውን ታክሲ ውስጥ አቅፎ ያመጣው ነው፤ እቤትም አብሮት አንድ ክፍል ውስጥ ሰንብቷል። ከአጥር ውጭ ከሌላው ጋር ተፋፍጎ ከሚያድር፣ ማስክ አድርጎ አልጋው አጠገብ ቢሆን ይሻላል ብዬ አምናለሁ። በዕድሜ የገፋ፣ የታመመ፣ ነፍሰ ጡር የሆነ አስታማሚ አንቀበልም ነበር።

አያቶቻችን የኅዳር በሽታ የሚሉት ወረርሽኝ በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ሲመታ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ነበር፣ ድነዋል። ከዚያ ወረርሽኝ የቀረልን ኅዳር 12 ቆሻሻ አቃጥሎ ከተማውን ማጠን ነው። ጭሱን እናስታውሳለን፤ ማን ማንን እንዳስታመመ የሚነግረን ግን ብዙ የለም። የዓለም ጤና ድርጅት ሚያዝያ 27 ቀን 2015 የኮሮናው ዓለም አቀፍ አስቸኳይ ሁኔታ አበቃ አለ። አገራችን ውስጥ በምርመራ የታወቀው ሞት ከ7 ሺህ 500 በላይ ነው። ሪፖርቱ ላይ የአልጋ ቁጥር፣ የማሽን ቁጥር፣ የሠለጠነ ባለሙያ ቁጥር አለ። የአስታማሚ ዓምድ ግን የለም።

እዚህ የሆስፒታል አስተዳዳሪዎች ስላላችሁ በቀጥታ ልናገር። አስታማሚን ከድንገተኛ ክፍል ማስወጣት የምትፈልጉ ከሆነ እኔ አልቃወምም፤ እንዲያውም ደስ ይለኛል። ግን መጀመሪያ የሚሠራውን የሚሠራ ሰው ቅጠሩ። ደም የሚያደርስ፣ ስትሬቸር የሚገፋ፣ ሌሊት ጌጅ የሚያይ። ይኼን መቅጠር ካልቻላችሁ ደግሞ አስታማሚውን እንደ ጠላት ማየት ይብቃ። ለሚቀጥለው ወረርሽኝ በምታዘጋጁት ዕቅድ ውስጥ ይግባ። ስንት ማስክ ለእሱ፣ የት ይቀመጣል፣ ሽንት ቤቱ የት ነው፣ ማን ያሠለጥነዋል። የፅዳትና የጥበቃ ሠራተኞቹንም አትርሱ። ያኔ ጥሩው ማስክ ከላይ ጀምሮ እየታደለ ወደ ታች ሲወርድ እነሱ ጋ ሳይደርስ ያልቅ ነበር። በር ላይ ግን መጀመሪያ የሚሳልባቸው እነሱ ላይ ነው።

ከተማሪዎቹ አንዷ ቅድም ከመጀመራችን በፊት «ሲስተር፣ ድንገተኛ ክፍል ስመደብ በመጀመሪያው ቀን ምን ላድርግ?» ብላ ጠይቃኛለች። መልሴ ይሄ ነው። ዕቃው የት የት እንዳለ እወቂ፣ በተለይ የሲሊንደር መፍቻው። ከዚያ አስታማሚውን «ማን ልበል?» ብለሽ ስሙን ጠይቂ፤ «አንተ ልጅ፣ ውጣ» ከማለትሽ በፊት። ሁለት ስልክ ተቀበይ፤ ሁለተኛው የትልቅ ሰው ይሁን። ካርዱ ጥግ ላይ ጻፊው። በእስክሪብቶ ጻፊው እንጂ በማርከር አይሁን፤ ማርከር አልኮል ሲነካው ይለቃል።